ወስፌ በሱር

ሱር ትባላለች ከተማዋ፤ ባሕር ደጇ ላይ ያደረባት፣
ነፋስ ጨው ተሸክሞ መጥቶ በርና መስኮት የሚልስባት።
እዚህ ነኝ እኔ፣ ሦስት ዓመቴ፤ የሰው አባት አስታምማለሁ፤
አነሣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ አስተኛለሁ።

የቤቱ ሰው «ሜሪ» ይለኛል፤ ያንቺ ስም ለአፍ ከበደ አሉ።
ትርንጎ ነው፤ አራት ፊደል። ይሁን፤ እንዳሻቸው ይበሉ።

ሽማግሌው ኸልፋን ናቸው።
በልጅነታቸው፣ ካባታቸው ጋር፣
ጀልባ ይሰፉ ነበር።
ልብ በሉ፣ «ይሰፉ» ነው ያልኩት፤
ምስማር ሳይነካው ጣውላውን
በኮኮናት ገመድ ጠልፈው፣ ስበው፣ አጥብቀው፣
ጠብታ ውሃ እንዳያስገባ አድርገው።
አሁን ቀኝ ጎናቸው ከድቷቸው
እጃቸው ደረታቸው ላይ ተጣጥፎ
እንደ አርብ ቀትር ሱቅ ተዘግቶ ይውላል፤
አፋቸው ግማሽ ቃል ያኝካል፣ ግማሹን ይተዋል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ብንዱ ትመጣለች፣ የኬረላዋ ወጌሻ፣
ቢጫ የላስቲክ ኳስ ይዛ። «ጨብጥ» ትላለች፤ «ልቀቅ።»
እሳቸው በግራቸው ተቀብለው ግድግዳ ላይ ይወረውሩታል።
ሰማንያ ዓመት ጣውላን ከባሕር ሲያስታርቅ የኖረ ሰው
ኳስ ጨብጥ ሲሉት ምን ይበል? ይወርውር እንጂ፣ ምን ያድርገው።

ወስፌዬን ከወረኢሉ ነው ያመጣሁት፣ በካልሲ ጠቅልዬ፣
ከሻንጣዬ ሆድ፣ ከበርበሬው ሥር፣ እንደ ምሥጢር አዝዬ።
አክስቴ ይመኙሻል ናት የሰጠችኝ፤
«አገሩ ሣር ባይኖረውም እጅሽ አይስነፍ» ያለችኝ።
እውነቷን ነው። ስንደዶ የለም፤ አክርማ፣ አለላ የለም።
ግን ግቢው ውስጥ ተምር አለ፤ ቅጠሉ ተመልምሎ የሚጣል፤
የሽንኩርት ጆንያም አለ፤ ቀይ ክሩ ሲተረተር ያበራል።

ማታ ማታ፣ እሳቸው እንቅልፍ ሲያጡ፣ እኔም ሳጣ፣
አልጋቸው ሥር ተቀምጬ ስሰፋ
ዓይናቸው እጄን ይከተላል።
አንድ ሌሊት
ግራ እጃቸው መጣና የእኔን ያዘ።
እንዲህ አይደለም፣ አሉኝ ያለ ቃል።
ላልቷል። ሳቢው።
ክሩን በጥርሳቸው ነከሱት፣ በግራቸው ሳቡት፤
ያ ዝግ እጅ ደግሞ፣ ያ ቀኝ፣
አውራ ጣቱን ብቻ አንቀሳቅሶ
ቅጠሉን ረገጠው፣ እንዳይሸሽ።

ተአምር አልልም።
አውራ ጣት ነው፤ አንድ አውራ ጣት።
አራቱ እንደ ተኙ ናቸው።

እመቤት ሞዛ ጧት ገብታ ወለሉን አየችና ተቆጣች፤
«ምን የሚሉት ቆሻሻ ነው!» ከዚያ የአባቷን እጅ አየች።
መጥረጊያ አላዘዘችም፤ ጫማዋን አውልቃ አጠገባችን ቁጭ አለች።

አርብ ሁለት ሰዓት ይፈቀድልኛል።
ከዓሣ መጋዘኑ ጥላ ሥር እንሰበሰባለን፤
ራውዳ፣ ሀዊ፣ ልኬለሽ፣ አንዳንዴም ሌሎች።
ቅጠሉን አካፍላቸዋለሁ፤ ወስፌው አንድ ነው፣ በተራ።
ልኬለሽ ከሸሸችበት ቤት ወዲህ አታወራም፤
ካሮጌ አባያ ክር እየመዘዘች
ጥቁር በጥቁር ትሰፋለች።
ባለፈው አርብ አንድ ዙር ቀይ አስገባች።
ማንም ምንም አላለ።
ሀዊ ብቻ ወስፌው ሲደርሳት
ተራዋን መልሳ ሰጠቻት።

የእኛ ሥራ፣ የእኔና የሽማግሌው፣ ጎኑ ዘመም ብሏል፤
እሳቸው እንደ ጀልባ አፍንጫ ሊያሾሉት፣
እኔ እንደ ሙዳይ ላከበው፣
ስንጨቃጨቅ ግማሽ ደረሰ።
ብንዱ አይታ ሳቀችና ኳሱን እዚያ ውስጥ ጣለችው።

አንዴ ስሜን ነግሬያቸው ነበር፣
ሎሚ አሳይቼ፣ በሁለት እጄ አግዝፌ።
ትናንት ውሃ ሳጠጣቸው
ከንፈራቸው ታገለ፣ ታገለና
«ኡትሩንጅ» አሉኝ።
ፍሬው በነሱም አገር አለ፤ ስሙም የስሜ የሩቅ ዘመድ ነው።
ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ክዳኑ ገና ነው።